ማንም አፍ ያልፈታበት ቋንቋ

የሒሳብ መምህር ሒሳብ ያስተምራል ቢባል “ሒሳብ ደግሞ ምንድን ነው?” ብሎ የሚከራከር አይገኝም። የእንግሊዝኛ መምህርም ሥራው ግልጽ ነው፤ ቢጠራጠር ሬዲዮ ይከፍታል፣ ካልሆነም ቋንቋውን ከእናቱ የሰማ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። የግእዝ መምህር ግን ምን ያስተምራል? ቋንቋ ነው እንዳይባል፣ ቋንቋ ሰው የሚገበያይበት፣ የሚጣላበት፣ ልጁን የሚያባብልበት ነገር ነው፤ በግእዝ ተከራክሮ ሽንኩርት የሚገዛ የለም። ታሪክ ነው እንዳይባል፣ የታሪክ መምህር ተማሪውን “ሂድና ነገ አዲስ ታሪክ ሠርተህ ና” አይለውም፤ የቅኔ መምህር ግን ማንም ያላለውን ቅኔ ቆጥሮ እንዲመጣ ደቀ መዝሙሩን በየቀኑ ያዘዋል። ሃይማኖት ነው እንዳይባል፣ ሃይማኖቱን በአማርኛም በኦሮምኛም ማስተማር ይቻላል፣ ይደረጋልም። “ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ” ብሎ መገላገል የሚያዋጣ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው መልስ ግን ጥያቄውን ያደክመዋል እንጂ አይመልሰውም።

ነገሩ ጎጃም ዋሸራ ወይም ወሎ ዋድላ ላይ ቢነሣ ያን ያህል አይቆረቁርም። እዚያ ቅኔ ቤቱ ከአገሩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፤ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገበ ልጅ “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ ደጅ ሲቆም ምን እየተማረ እንደሆነ የሚመረምረው ገበሬ የለም። ጥያቄውን መፈተን የሚሻለው ልማድ መልስ በማይሰጥበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ኮዬ ፈጬ። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻ ወደ ኮንዶሚኒየም የተለወጠ ሜዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ “መሬቱ የማን ነው?” የሚል ተቃውሞ በኦሮሚያ ከተሞች ተቀሰቀሰ። ኋላም ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የኮዬ ፈጬ ስም ከአዲሱ ከተማ ክፍለ ከተሞች ለአንዱ ሆነ። ስለ ባለቤትነት ሳይጠየቅ የሚነሣ ነገር የሌለበት ሰፈር ነው ማለት ይቻላል፤ ቋንቋም ጭምር።

እዚህ ሰፈር፣ አንድ ብሎክ ምድር ላይ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ በሱሉልታ በኩል ከጎጃም የመጡ የቅኔ መምህር ይታሰቡ። ለሐሳብ ሲባል የተፈጠሩ ሰው ስለሆኑ ከ“የኔታ” ሌላ ስም አያስፈልጋቸውም። ማታ ከሥራ የሚመለሱ ወጣቶች ዙሪያቸውን ተቀምጠው ግስ ያወርዳሉ፦ ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል። ከላይኛው ፎቅ የሚሰማ ጎረቤት ሰው ሊገደል እየተመከረ ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። (አውሮፓዊው የላቲን ተማሪ “አሞ፣ አማስ፣ አማት” ብሎ በመውደድ ይጀምራል፤ የእኛው በመግደል። ከዚህ ስለ ሁለቱ ሥልጣኔዎች አንዳች ነገር ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ቢኖር ይታገሥ፤ ሁለቱም ግሶች የተመረጡት ለእርባታ ስለሚመቹ ነው።) ጎረቤቱ ወርዶ “ማን የሚናገረው ቋንቋ ነው?” ቢል የኔታ ምን ይሉታል? “የሞተ ነው” አይሉትም። “የሚናገረው አለ” ቢሉም እውነት አይሆንም።

“የሞተ ቋንቋ” የሚለው አጠራር መጀመሪያ ሊመረመር ይገባዋል። ሞት ማለት ማንም አፉን የማይፈታበት መሆን ከሆነ፣ ግእዝ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ የአክሱም መንግሥት ከተዳከመ በኋላ ባሉት ዘመናት ሕዝቡ በሌሎች ቋንቋዎች ይነጋገር ጀመር። የሚያስቸግረው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ክብረ ነገሥት መልኩን የያዘው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468፣ የተጻፈውና የተተረጐመው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከግእዝ ሥነ ጽሑፍ ትልቁን ድርሻ የጻፉት ቋንቋውን ከእናታቸው ያልሰሙ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ላቲንም እንዲሁ ነው፤ ኒውተን የስበትን ሕግ ያስረዳበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1687 በላቲን ሲወጣ ላቲን የማንም ሕፃን ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ሬሳ እንዲህ አይሠራም።

ምናልባት የሕይወት ምልክቱ መለወጥ ይሆናል። አማርኛ ሕያው ለመሆኑ አንዱ ማስረጃ ስሕተት የሚነግሥበት መሆኑ ነው። ሽማግሌው “እንዲህ አይባልም” ያሉትን አነጋገር ወጣቱ ሁሉ ካለው ነገ ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ሰዋስው ጸሐፊው ደንብ ብሎ ይመዘግበዋል። በግእዝ ስሕተት ይህን ዕድል አያገኝም። ሺህ ተማሪ አንድ ግስ አጣሞ ቢያወርድ ሺህ የተሳሳተ ተማሪ አለ እንጂ አዲስ ግእዝ አልተወለደም። የመምህሩ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ መምህር “እንዲህ ይባላል” ሲል ከኋላው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞለታል፤ ተማሪው ባያምን ገበያ ወርዶ ማረጋገጥ ይችላል። የግእዙ መምህር “እንዲህ ይባላል” ሲሉ ግን ማን ነው የሚለው?

ቅኔ ቤቱ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ መምህሬ እንዲህ ብለውኛል። መምህሩም መምህር ነበራቸው፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ባዶ ትምክህት አይደለም። የግእዝ መዝገበ ቃላት ከአገር ልጆች እጅ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ፤ እርሳቸውም ዕድሜያቸውን ሰጥተውበት መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ ሆነ። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሦስት ትውልድ የፈጀ አንድ መጽሐፍ።

ሰንሰለት ግን እውነትን እንደሚያስተላልፍ ሁሉ ስሕተትንም በዚያው ታማኝነት ያስተላልፋል፤ ከመምህር የመጣ ስሕተት ከመምህር ከመጣ እውነት በምን ይለያል? የቅርቡ ምሳሌ ፊደሉ ራሱ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ሆነዋል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ጆሮ ያልለየውን ለመለየት ስም ወጣላቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ተማሪው ፀሐይ ወጣች ሊል “ሠረቀት” ማለት ፈልጎ በእሳቱ ሰ ቢጽፈው ፀሐይን ሌባ አደረጋት። የኔታ ይቆጣሉ። ነገር ግን በየኔታ አፍ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከተማሪው አፍ አይበልጥም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት “ሰ” ነው የሚያሰሙት። ብራናው ይፍረድ ቢባል፣ የጥንቶቹ ጸሐፍት ራሳቸው እነዚህን ፊደላት ሲያቀያይሩ ኖረዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ለብዙ ዓመታት ኢየሩሳሌም ሲኖሩ ግእዙን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ያስተያዩት፣ መዝገበ ቃላታቸውንም በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ያስኬዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አፍ የረሳውንና ብራና ያደባለቀውን ለመፍረድ የቋንቋውን ዘመዶች ለምስክርነት መጥራት ነበረባቸው።

በተቃራኒው ደግሞ መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቀው፣ አፍ ብቻ የያዘው ነገር አለ። የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ ጽሕፈቱ አያሳይም። ንባቡ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ሰያፍ ይሁን ተጣይ፣ ብራናው ላይ ምልክት የለውም። የንባብ ቤት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወዳቂውን አንሥቶ ቢያነብ ከየኔታ በቀር የሚያቆመው ነገር የለም።

ታዲያ ዓይነ ስውሩ መምህርስ? ቅኔ ቤት ዓይነ ስውራን ሊቃውንትን ሲያፈራ ኖሯል፤ ጎጃም ውስጥ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ከሁሉ ይነሣል፤ ዓይነ ስውርም ሴትም ሆነው ወንዶች በሞሉበት ሙያ ጉባኤ ያቀኑ ሊቅ ናቸው። አሁን ከላይ የተነሣውን የሠረቀንና የሰረቀን ነገር በእንዲህ ያለ መምህር ፊት ማስቀመጥ ነው። ጆሯቸው ልዩነቱን አይሰማም፤ ዓይናቸው ፊደሉን አያይም። ቢሆንም “በንጉሡ ሠ ነው” ብለው ያርማሉ፣ ትክክልም ናቸው። የሚያርሙት ነገር የት ነው ያለው? በድምፅ ውስጥ የለም፣ በቀለም ውስጥም ለእርሳቸው የለም። “ሠረቀ”ን ከ“ምሥራቅ” ጋር፣ “ሰረቀ”ን ከ“ሰራቂ” ጋር አዛምዶ በያዘ ትዝታ ውስጥ ነው ያለው። ቋንቋ ድምፅ ነው የሚለው ትርጓሜም ቋንቋ ጽሑፍ ነው የሚለውም እዚህ ላይ አንድ ላይ ይወድቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ሁለት ሰዎች የተነጋገሩት በዚህ ዓይነት ቋንቋ ነው። አንዱ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ግእዝን ከመጻሕፍት የለቀመ ወጣት ነው፤ ሌላው ከአምሐራ መካነ ሥላሴ የመጡት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። መጀመሪያ ሲገናኙ ሁለቱም የሚችሉት ሌላ የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው በግእዝ ተነጋገሩ። ከሁለቱ የአንዱም የእናት ቋንቋ አልነበረም። ሉዶልፍ መጽሐፉን ያውቃል፣ ጎርጎርዮስ ንባቡን ያውቃሉ፤ ግእዙ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ሲቀመጡ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞባቸው ሞቱ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ተምሮ ያዘጋጀው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ታተመ። በላቲን! ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ ዲልማን ያሳተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው። ዛሬም አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የግእዝ ቃል ሊፈታበት ሲገልጠው ባለእናት ያልሆነ አንዱ ቋንቋ ባለእናት ባልሆነ በሌላው ሲፈታ ያገኘዋል።

ግእዝ ለማንም የእናት ቋንቋ ባለመሆኑ የመጣው እኩልነት የሚያስከትለው ጉድም አለ። ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የአክሱሙ ፈላስፋ የዘርዐ ያዕቆብ (ከዐፄው ሌላ ነው) ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጽሐፉን ለፈረንሳዊው ተጓዥ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ኢጣሊያዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ የደረሰው? ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መነኩሴው ነው አለ፤ ሌላው ምሁር ክሎድ ሳምነር አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ፈጅቶ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እዚህ የሚፈለገው ማን እንደ ረታ ሳይሆን ክርክሩ መቻሉ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የባዕድ እጅ ምናልባት በሁለተኛው ገጽ ይታወቅ ነበር፤ አንድ “ደግሞ” ቦታውን ስቶ ያጋልጠዋል። በግእዝ ግን ተጠርጣሪውም፣ ጠርጣሪውም፣ ተሟጋቹም፣ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱም ቢሆን ቋንቋውን ከመምህር የተማሩ ናቸው። ባዕድ የሌለበት ምክንያት የአገር ልጅም ስለሌለበት ነው።

ይህ አባባል ኮዬ ፈጬ ላይ ሲደርስ ያማልላል። እያንዳንዱ ቋንቋ ባለቤት ባለውና ባለቤቶቹም በሚጎሻሸሙበት ሰፈር ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ ለሁሉም እኩል ባዕድ ነው፤ የወሎው ልጅና የአቃቂው ልጅ “ቀተለ” ላይ ሲደርሱ እኩል ጀማሪዎች ናቸው። ያምራል፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ግእዝ የሚማሩት በግእዝ አይደለም። ግሱ የሚፈታው በአማርኛ ነው፣ ትርጓሜው የሚነገረው በአማርኛ ነው፣ “ሙያ”፣ “አገባብ”፣ “ተነሽና ወዳቂ” እየተባለ የሚብራራው፣ የኔታ የሚቆጡትም በአማርኛ ነው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገረው ልጅ ወደ ባለቤት የለሹ ቋንቋ የሚገባው በባለቤት ቋንቋ በር ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው እኩልነት ደጁ ላይ የለም። የአምልኮ ቋንቋ ጥያቄም ከመማሪያ ክፍል የሰፋ መሆኑን አገሩ አይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ኦሮሚያ ውስጥ ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ጳጳሳት ሲሾሙ ከተነሡት ክርክሮች አንዱ ሕዝቡ በየትኛው ቋንቋ ይማር የሚለው ነበር። “ግእዝ የሁሉም ነው” የሚለው መልስ ያን ጊዜ ለብዙዎች “ግእዝ የእነርሱ ነው” ተብሎ ነው የተሰማው።

የመምህሩ ኑሮ ነገርስ? በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቅኔ ቤት ተማሪ አያስከፍልም፤ መምህሩን ይደግፍ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ አብሮ ሄደ። የክፍያን ነገር ከላቲኑ ዓለም ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ሮም ላይ ሬጂናልድ ፎስተር የተባለ አሜሪካዊ መነኩሴ ከ1969 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የቫቲካንን ደብዳቤዎች በላቲን ሲጽፍ ኖሯል፤ በጎን ደግሞ በግሪጎርያን ዩኒቨርሲቲ ላቲንን እያወራ ያስተምር ነበር። ያልከፈሉ ተማሪዎችን ክፍል እያስገባ በማስተማሩ በ2006 ተሰናበተ፤ ትምህርቱን ግን በነጻ ቀጠለ። ይህን ታሪክ አንድ የጎጃም የኔታ ቢሰሙ የሚገርማቸው የሰውየው መባረር ሳይሆን ክፍያ የሚባል ነገር መኖሩ ነው።

ከሁሉ ግን የሙያውን ምንነት የሚያስጨንቀው የጌታቸው ኃይሌ ነገር ነው። ሸንኮራ የተወለዱት ጌታቸው በግእዝ ባህል ላይ የካይሮንና የቱቢንገንን ትምህርት ጨምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በጥይት ስላቆሰሏቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ከዚያም ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቤኔዲክታውያን ገዳም ሄዱ። የምዕራቡ ገዳማዊ ሕይወት ከላቲን ጋር ባደገበት በዚያ ሥርዓት ጥላ ሥር ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ሲዘረዝሩና ሲተነትኑ ዐሥርት ዓመታት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ፣ በ2021 አረፉ። ጉባኤ አልዘረጉም፣ የቆሎ ተማሪ አልከበባቸውም፤ በእርሳቸው ዝርዝር ተመርቶ ግእዝ የሚያጠናው ተመራማሪ ግን በየአህጉሩ አለ። አስተማሩ ይባላል? ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊኬንድ በተባለው ድምፃዊ በአቤል ተስፋዬ የ50 ሺህ የካናዳ ዶላር ስጦታም ተደግፎ በ2017 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የግእዝ ትምህርት ተማሪዎች ያንን ዓይነት ዕውቀት ነው የሚወርሱት፤ ጽሑፍ ማንበብ። አንብበው ይረዳሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ጸሐፊ የት እንደ ሳተ ያሳያሉ። “ነገ አዲስ ይዘህ ና” የሚላቸው ግን የለም።

ልዩነቱ ከዘዴ ያለፈ ይመስላል። የማንበብ ትምህርት የሚያርመው ያለፈውን ሰው ነው፤ ተማሪው ከሟቹ ጸሐፊ በላይ ቆሞ ይመረምራል። ቅኔ ግን ተማሪውን ራሱን ለእርማት ያቀርበዋል። ሌሊት ሲቆጥር ያደረውን ጠዋት ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ሰምተው “ሙያው ተበላሸ”፣ “ቤት አይመታም”፣ “ምሥጢር የለውም” ይላሉ። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው፤ የሌላውን ማምጣትማ አይነሣ። በዚህ ዓይን ሲታይ የኔታ ያስተላለፉት ዓረፍተ ነገሮችን አይደለም፤ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ “ይህ ግእዝ ነው፣ ይህ አይደለም” የሚሉበትን ፍርድ ነው። ያንን ፍርድ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦ መሄድ አይቻልም፤ ገና ስላልተባለ ነገር የሚሰጥ ስለሆነ። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ዲልማንንና ኪዳነ ወልድን በቃሉ ያጠና ሰው እንኳ ለተማሪው ቅኔ “ያስኬዳል” ለማለት ሌላ ዓይነት ድፍረት የሚያስፈልገው።

ወደ ኮዬ ፈጬው ክፍል ሲመለሱ ይህ ፍርድ ወሰን እንዳለው ይታያል። ቅኔ ሰም ይፈልጋል፤ ሰሙም የሚገኘው ከተማሪው ደጅ ነው፣ በዚህ ሰፈር ደግሞ ከዕጣ የቀረበ ሰም የለም። የሐዋርያት ሥራ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሁሉን አዘጋጅቶታል፤ ሐዋርያት በሰገነት ተሰብስበዋል፣ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ በዕጣ ይመረጣል። ለፎቁ ጽርሕ፣ ለዕጣው ዕፃ የሚል የግእዝ ቃል አለ። አንዱ ተማሪ ሰሙን ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው፣ ወርቁን ማትያስ አድርጎ ቢመጣ የኔታ ደስ ይላቸዋል። ሌላው ግን፣ ቤተሰቡ በዚያው ሜዳ ያርስ የነበረ ልጅ፣ ያንኑ ምዕራፍ ይዞ ስለ ሦስተኛው ነገር ሊቀኝ ይችላል፦ በይሁዳ ገንዘብ ስለተገዛውና አኬልዳማ ስለተባለው መሬት። ግሱ ትክክል ነው፣ አገባቡ ያስኬዳል፣ ሰምና ወርቁ ሰምሯል። በኦሮምኛ ቢለው መፈክር፣ በአማርኛ ቢለው ጠብ ሊሆን የሚችል ነገር በግእዝ ሚ በዝኁ የሚባለው ባለ ሦስት ቤት ቅኔ ሆኖ ወጥቷል። ይህ የሆነው ቋንቋው ባለቤት ስለሌለው ነው ወይስ ከሚሰሙት የሚበዙት ስለማይገባቸው? የኔታ ያረሙት አንድ ነገር ብቻ ነው ይባል፤ ሦስተኛው ቤት አንድ ቀለም ስለተረፈው “ነገ አስተካክለህ ንገር” ብለውታል።